ዘጠኝን ማን ብቸኛ አደረጋት?

ፕሮግራሚንግ የሚያስተምሩ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የተማማሉ ይመስላሉ። ጀማሪውን መጀመሪያ ስክሪን ላይ ሰላምታ ያስጽፉታል። ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ያስደምሩታል። ልጁ «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ መኮፈስ ሲጀምር «እስኪ ከ2 እስከ 100 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈሉትን፣ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍ» ይሉታል። ኩፈሳው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ይቺ ሥራ በሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ በሚያዞር ዙር) ውስጥ ሌላ ሉፕ ትፈልጋለችና።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፓይተን ጀምራለች። ለእረፍት ስትመጣ ይህንኑ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። እኔ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ «ጋሼ፣ እስኪ እየው» ተባልኩ። ቤቱ ውስጥ ግን ሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ። አንዱ አባቷ ናቸው፤ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፣ ቀይ እስክሪብቷቸው ግን አልወጣም። ሌላዋ እናቴ፣ የልጅቱ አያት ናት፤ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ይህን የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

የልጅቱ ሐሳብ ሲሰሙት ያምራል። የውጪው ሉፕ ቁጥሮቹን ተራ በተራ ይጠራል። የውስጡ ሉፕ የተጠራውን ቁጥር ከ2 ጀምሮ ከእሱ በታች ላሉት ሁሉ ያካፍለዋል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ዝም። ቀሪ ካለው፣ ብቸኛ ነውና ይታተም።

ራን ስታደርገው ስክሪኑ ላይ የወረደው ሌላ ሆነ። 3 አንዴ፣ 4 አንዴ፣ 5 ሦስት ጊዜ፣ 6 ሁለት ጊዜ፣ 7 አምስት ጊዜ፣ 9 ስድስት ጊዜ። እንዲህ እያለ ወርዶ 97ን 95 ጊዜ ጻፋት። ለ2፣ ለ3ም፣ ለ4ም የምትካፈለው 96 እንኳ 84 ጊዜ ብቸኛ ተብላለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው የ2 ነገር ነው፤ ከተጋማሽ ቁጥሮች መካከል ብቸኛ የሆነችው እሷ ብቻ ሆና ሳለ፣ ከዝርዝሩ የጠፋችው እሷ ናት።

አባቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ።

«4 ብቸኛ? 9 ብቸኛ? ይሄ ማሽን ስንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው?»

ማሽኑ ምን ያድርግ! የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ልጅቱ ግን ሰው ሲወቀስ እንደሚያደርገው መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ማዘዋወር ጀመረች። ይህን ጊዜ እናቴ ከረከቦቱ ጀርባ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያጨቃጭቃችሁ?» አለች።

«እማማ፣ አንድ ቁጥር እጠራለሁ፤ ከሱ በታች ላሉት ሁሉ አካፍለዋለሁ፤ ለማናቸውም ካልተካፈለ እጽፈዋለሁ።»

«እሺ፣ በአንዱ አሳዪኝ።»

«ይኸው 9። ለ2 አካፈልኩት፤ አልተካፈለም። ጻፍኩት።»

«ሌሎቹስ?»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ፕሪንት የምትለው ትእዛዝ የተቀመጠችው በውስጡ ሉፕ ውስጥ ስለሆነ፣ አንድ ማካፈል ባለቀ ቁጥር ፍርድ ይሰጣል፤ 3 ገና ተራው አልደረሰም። የ2ም ጉዳይ በዚያው ተፈታ፦ ከእሷ በታች ከ2 የሚጀምር ቁጥር ስለሌለ የውስጡ ሉፕ ለእሷ አንዴም አልዞረላትም፤ ስለዚህ የሚያትማት አልተገኘም።

አንድሪው ሀንትና ዴቪድ ቶማስ በ1999 ባሳተሙት ዝነኛ የፕሮግራመሮች መጽሐፍ ላይ የላስቲክ ዳክዬ ነገር ተነሥቷል። ኮድ ያስቸገረው ሰው ዳክዬዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን መስመር ያስረዳታል፤ ሲያስረዳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። ፈረንጅ አገር ብዙ ፕሮግራመር ዘንድ ይህች ዳክዬ አለች። እኛ ቤት ያለችው አያት ናት። ዳክዬ ደግሞ ምንም ብትሆን «ሌሎቹስ?» ብላ አትጠይቅም።

ልጅቱ አሁን «ብቸኛ» የሚል ምልክት አበጀች። ፕሮግራሙ ሲጀምር ምልክቱ ትሩ (እውነት) ነው፤ አካፋይ ከተገኘ ፎልስ (ሐሰት) ይሆናል፤ የውስጡ ሉፕ ሲያልቅ ምልክቱ አሁንም ትሩ ከሆነ ቁጥሩ ይታተማል። ራን አደረገችው። 2 ወጣች፣ 3 ወጣች፤ ከዚያ ጸጥ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ሌላ የለም።

«ልጄ» አሉ አባቷ፣ «ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም ብሎ አረጋግጦ ሄዷል። አንቺ 3 ላይ ጨረስሻቸው?»

ምስጢሩ 4 ላይ ነው። 4 ለ2 ተካፈለችና ምልክቱ ፎልስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ ትሩ የሚመልሰው የለም፤ ስለዚህ 5ም 7ም 97ም በ4 ጥፋት ተቀጡ። ይህን ለማስረዳት ነጭ ሰሌዳ አላስፈለገኝም፤ ቡናው ቀርቧል። ዙሩ፣ ማለትም አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ የውጪው ሉፕ ነው። በየዙሩ ለእያንዳንዱ እንግዳ መቅዳት ደግሞ የውስጡ ሉፕ። ሲኒው የሚለቀለቀው መቼ ነው? ጠዋት አንዴ ታጥቦ ለሦስቱም ዙር አይበቃም፤ ለአንድ እንግዳ በተቀዳ ቁጥርም ረከቦቱ ሙሉ አይለቀለቅም። ዙር ሊጀመር ሲል ነው። ምልክቱን ትሩ የምታደርገው መስመርም ቦታዋ እዚያው ነው፤ ከውጪው ሉፕ ውስጥ፣ ከውስጡ ሉፕ ውጪ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ለእሷ ይህ እንዴት ትምህርት እንደሚባል አልገባትም።

ፓይተን ላይ ቦታ ማለት ከግራ ጠርዝ ያለ ርቀት ነው። አራት ባዶ ቦታ ወደ ቀኝ ከገፋሽ መስመሩ የውስጡ ሉፕ ንብረት ይሆናል፤ መልሰሽ ከሳብሽው የውጪው። ስህተቱ የሚደበቀው በተጻፈው ፊደል ሳይሆን ባልተጻፈው ባዶ ውስጥ ነውና፣ ዓይን ቢፈጥ አይገርምም።

መስመሯ ቦታዋን ስታገኝ 25 ቁጥሮች ተሰለፉ። አባቷ ያለ ማመሳከሪያ አያምኑም፤ ባለ ካሬ ወረቀት አውጥተው እስከ 100 ጻፉና የኤራቶስቴንስን ወንፊት ሠሩ። ኤራቶስቴንስ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረ፣ የምድርን ዙሪያም በጥላ የለካ ሰው ነው። የ2ን ብዜቶች ሰረዙ፣ የ3ን፣ የ5ን፣ የ7ን፤ 7 ላይ አቆሙ። የተረፉት 25። 13 ላይ ሲደርሱ ግን ተከዙ። «የዓመታችን ወራት 13፤ ለማንም አይካፈልም። መሥሪያ ቤቱ ግን ደመወዜን ለ12 አካፍሎ፣ ጳጉሜን በነጻ ሲያሠራኝ ኖረ።»

ወጣት ደግሞ 100 አይበቃውም፤ ልጅቱ እስከ 1,000,000 ልሂድ አለች። ላፕቶፑ ማራገቢያውን እያስጮኸ ቀረ። ከሚሊዮን በታች 78,498 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ በእሷ መንገድ እነሱን ለማጣራት ብቻ ከ37 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ማካፈል ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ አባዬ ለምን 7 ላይ አቆመ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ! ከ7 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 11 ነው፤ 11 በራሱ ሲባዛ 121፣ ከ100 አልፏል። ቁጥር ለሁለት አካፋዮች ከተከፈለ አንደኛው ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። ስለዚህ አካፋዩ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ እስካነሰ ድረስ ብቻ ማካፈል በቂ ነው ብላ አስተካከለች። 97 ከ95 ማካፈል ወደ 8 ወረደች።

ፍጥነቱ ግሩም ሆነ። እስከ 100 ሲቆጠር ግን 29 ወጣ። አባቷ ወረቀታቸውን አጠገቡ ዘርግተው ትርፎቹን በቀይ ከበቡ፦ 4፣ 9፣ 25፣ 49።

«እነዚህ እኮ» አሉ፣ «2፣ 3፣ 5 እና 7 በራሳቸው ሲባዙ ናቸው።»

ልጅቱ ሌላ መስመር አልነካችም። «እስካነሰ» የሚለውን «እስካልበለጠ» አደረገችው፤ በኮዱ ላይ የተጨመረው አንድ የእኩል ምልክት ብቻ ነው። 25።

አንባቢዬ፣ ጀማሪ ከሆንክ ወይም ጀማሪ ቤትህ ካለ ልብ በል። ሦስቱም የተሳሳቱ ዝርዝሮች ስህተቱ የት እንዳለ ራሳቸው ተናግረዋል። 97 ቁጥር 95 ጊዜ ከታተመች፣ ፕሪንቷ የውስጡ ሉፕ ውስጥ ገብታለች። ከ3 በኋላ ጸጥታ ከሆነ፣ ምልክቱ አልታደሰም። ያለአግባብ የገቡት በራሳቸው የተባዙ ቁጥሮች ከሆኑ፣ ድንበሩ ላይ የእኩል ምልክት ጎድሏል። ኮምፒውተር ሲሳሳት እንኳ በሥርዓት ነው የሚሳሳተው። ጀማሪን የሚያደክመው ያንን ዝርዝር ሳያነብ ወደ ኮዱ ሮጦ መስመር ማገላበጡ ነው። ትክክለኛውን ፕሮግራም ዛሬ ከስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ መገልበጥ ይቻላል፤ የራስን የተሳሳተ ውጤት የማንበብ ሙያ ግን አይገለበጥም።

ስለዚህ መስመር ከማንቀሳቀስህ በፊት ወረቀት አውጣና 9ን በእጅህ አስኪዳት፤ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብለህ አስረዳ። ከ100 በታች 25፣ ከ1,000 በታች 168 ካላገኘህ ፕሮግራምህ ገና ነው፤ ላፕቶፑን አትርገመው።