ሲገቡ በአንድ ጣት፣ ሲወጡ በአቤቱታ

ቡታጅራ ላይ ክትፎ ቤት ያላቸው እትዬ (ስማቸው ይቆየን፣ ክትፏቸውን የቀመሰ ያውቃቸዋል) ለመስቀል ከመርካቶ የሚጎርፈው ዘመድ «ቤታችሁን ኢንተርኔት ላይ ፈልገን አጣነው» እያለ ቢነዘንዛቸው ድረ ገጽ አሠሩ። ሆስቲንጉን (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር) የሸጠላቸው ድርጅት በወር ከሆነ 300 ብር፣ የ3 ዓመቱን ባንዴ ከከፈሉ ግን በወር 150 ብር አላቸው። እትዬ የነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ግማሽ ዋጋ ሲባል ጣታቸው ከሐሳባቸው ይቀድማል። 5 ሺህ 400 ብር በቴሌብር ላኩ። ዓመት ሞላና «ደንበኛዬ የሚመጣው በቲክቶክ ነው፤ ይብቃኝ፣ የቀረውን መልሱልኝ» አሉ።

መልሱ በኢሜይል መጣ። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል።

«ውዱስ ሂሳባችሁ ነው» አሉ እትዬ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ።

ሁለተኛው መስመር ሂሳቡ ነበር። እትዬ በጣታቸው ሲያሰሉት ከሦስቱ ዓመት አንዱ አልቋል፣ ሁለቱ ቀርቷል፤ ስለዚህ 3 ሺህ 600 ብር ይመለስላቸዋል። ድርጅቱ ደግሞ በሌላ ጣት ነው የቆጠረው፦ ግማሽ ዋጋ የሰጠንዎት 3 ዓመት እቆያለሁ ስላሉ ነው፤ ካልቆዩ የተጠቀሙበት 12 ወር በወር ዋጋው፣ በ300 ብር ይታሰባል፤ 3 ሺህ 600 ብር ተጠቅመዋል፤ የቀረዎት 1 ሺህ 800 ነው። ከዚያም ላይ በነጻ የሰጠንዎት ዶሜይን (የድረ ገጹ ስም) ዋጋ ይቀነሳል።

«ነጻ የነበረ ነገር ሲቀነስ ገና ዛሬ አየሁ። ልጄ፣ ከነጻ ላይ ስንት ይቀነሳል?» አሉት የድርጅቱን ሠራተኛ።

«እትዬ፣ ነጻነቱ ለሚቆይ ደንበኛ ነበር።»

«እንግዲያስ ነጻ አትበሉት፣ መያዣ በሉት።»

እዚህች ላይ ለሻጩ ልከራከርለት። ኮም ብሎ የሚያልቅ ስም ከተመዘገበ 5 ቀን ካለፈው ሻጩ ራሱ የከፈለበትን ከላይኛው መዝገብ አያስመልስም። ስለዚህ የዶሜይን ገንዘብ አይመለስም ማለቱ ግፍ አይደለም። ግፉ ሲሸጡ ዋጋውን ደብቆ ሲመልሱ ማስታወሱ ነው። ደግሞም ገንዘቡ ከተቀነሰባቸው ስሙ የእትዬ ነው፤ የተከፈለለት ጊዜ እስኪያልቅ ይዘውት ወደ ሌላ ድርጅት መሄድ ይችላሉ፣ ከተመዘገበ 60 ቀን ይለፈው እንጂ። ይህን የሚነግር ሻጭ ማግኘት ግን ከክትፎ ውስጥ አጥንት እንደማግኘት ነው።

ወልቂጤ ላይ ያለ አንድ ወጣት ደግሞ «እኔ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ አልነካም» አለ። የውጭዎቹ ባመዛኙ በ30 ቀን ውስጥ ከተውከው ሙሉውን እንመልሳለን ይላሉ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለው ዋሽንግተን ያለው የአጎቱ ልጅ ከፈለለት፤ እሱም ብሩን እዚሁ ለአጎቱ አስረከበ። ወር ሳይሞላ ሰረዘ። ኩባንያው ለምን ብሎ ሳይጠይቅ መለሰ። የት? ገንዘብ የሚመለሰው በተከፈለበት ካርድ ነው። ዋሽንግተን።

«ወንድሜ፣ ሪፈንዴ ደርሶህ ይሆን?»

«ደርሶኛል፤ ለመስቀል በሬው ድርሻህን ከፍዬልሃለሁ።»

«እኔ እኮ ድርሻዬን እዚህ ከፍያለሁ!»

«እንግዲያው ዘንድሮ ሁለት መደብ ሥጋ ይደርስሃል።»

ይህ የአገር ልጅ ቀልድ ነው፤ ይታረቃሉ። የማይታረቀው የዶላሩ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የውጭ ሰርቨር ተከራይቶ እዚህ በብር የሚያከራይ ሁሉ ጭንቅ ያዘው። እውነት ነው፣ ያስጨንቃል። አንድ ባለ ሱቅ ግን የ3 ዓመት አስቀድሞ ከፍሎ ሳለ «ዶላር ስለጨመረ ልዩነቱን ይጨምሩ» የሚል መልእክት ደረሰው።

«አልጨምርም፤ ይልቅ ሰርዙና መልሱልኝ።»

«አንመልስም፤ ውል አለን። ውል ሕግ ነው።»

«ልክ ብለሃል! የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። በተዋዋዮቹ ነው ያለው፤ በከፋዩ ላይ ብቻ አላለም። ጭማሪ ስትጠይቅ ውሉ የት ሄዶ ነበር?»

«ሁኔታው ተለውጧል...»

«የኔም ሁኔታ ተለውጧል፤ ለዚህ እኮ ነው የምሰርዘው።»

የዚህን ሰው ምላስ እወድለታለሁ፤ ዳሩ ቢረታም የሚመለስለት ብር ያው ቁጥሩ ነው። ሲከፍል ብዙ ዶላር የነበረ ብር ሲመለስለት የዚያ ግማሽ ያህል ሆኖ ይመጣል። አስቀድሞ መክፈል ለሻጩ ማበደር ነው፤ ቅናሹ ወለዱ ነው። እንዲህ ካሰባችሁት የ3 ዓመት ቅናሽ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጓደለ አገልግሎት የተሰጠው ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንደገና በነጻ ይሰጠኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል ይላል። የተጓደለ ይላል እንጂ የሰለቸኝ አይልም። የእትዬ ድረ ገጽ አልተጓደለም፤ እሳቸው ናቸው ወደ ቲክቶክ የኮበለሉት። ስለዚህ የእሳቸው መብት ያለው ውሉ ውስጥ ነው፤ ውሉን ደግሞ ማን አንብቦት?

«ውሉን እስማማለሁ ብለው ተጭነዋል እኮ፣ እትዬ።»

«አንተስ አንብበኸዋል? በእንግሊዝኛ ገልብጣችሁ የለጠፋችሁት ነው፤ ክርክር ቢነሳ የቴክሳስ ፍርድ ቤት ይዳኘን ይላል። ለመሆኑ የቴክሳስ መኪና ከቡታጅራ መናኸሪያ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

ስለ መጓደል ካነሳን ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ በመቶ የምትባለዋ ዋስትና አለች። ሲተረጎም ሰርቨሩ በወር ከ43 ደቂቃ በላይ አይጠፋም ማለት ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘጋ ያን ዋስትና ይዞ ለተሟገተ ደንበኛ መልሱ አጭር ነበር፦ ሰርቨራችን አንድ ደቂቃም አልጠፋም፤ የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን ተረብ የሚመልስ ምላስ እስካሁን አላገኘሁም።

የሚገርመኝ ይህ ሁሉ በጉራጌ ከተሞች መሆኑ ነው። ጉራጌ አስቀድሞ መክፈልን የሚፈራ ሕዝብ አይደለም፤ በ1950ዎቹ ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ ያስጠረገ ነው። እቁብ ሲገባም ዳኛው ማን ነው፣ ጸሐፊው ማን ነው፣ ዋሱ ይበቃል ወይ ሳይል ሳንቲም አይጥልም። መሐል ላይ የወጣ ሰው ምን እንደሚሆንም ከመጀመሪያው ዕጣ በፊት ይታወቃል፦ ዕጣ ካልወጣለት ገንዘቡ እቁቡ ሲያልቅ ይሰጠዋል፤ ከወጣለት በኋላ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ያው ሰው ስልኩን ሲይዝ ዳኛ የሌለው፣ ዋስ የሌለው፣ ጸሐፊው ሮቦት የሆነ እቁብ ውስጥ በአውራ ጣቱ ዘው ይላል። ሮቦቱም «ጥያቄዎ ደርሶናል» ይለዋል። በሳምንቱም «ጥያቄዎ ደርሶናል» ይለዋል።

ሻጮች ሆይ፣ ቅናሹን በጻፋችሁበት የፊደል መጠን ከጎኑ የመውጫውን ሂሳብ በአማርኛ ጻፉት። 3 ሺህ 600 የጠበቀ ሰው 1 ሺህ 800 ሲደርሰው ሌባ ቢላችሁ አትቀየሙት፤ ቀድማችሁ ብትነግሩት ነጋዴ ይላችሁ ነበር።

ገዢዎችም፣ ያልሞከራችሁትን ቤት በወር ክፈሉት፤ ሲመቻችሁ ዓመት ትጨምራላችሁ። አውቶ ሪኒው (ክፍያውን በራሷ የምታድስ) የምትባለዋን ቁልፍ በገባችሁበት ቀን አጥፏት፤ አለበለዚያ እናንተ ስትረሱ እሷ አትረሳም። መሰረዙን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ፋይላችሁን አውርዱ፤ ብዙ ቦታ ሰርዝ የተባለ ቀን ድረ ገጹ አብሮ ይጠፋል። ብሩ ባይመለስ የክትፎው ፎቶ ይመለስ።