ጎታች መኪና ውስጥ የተዋቀረ ቡድን

ጨዋታው ሲያልቅ የዋሺንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ደጋፊ ሥራው ይጀምራል። ሴፕቴምበር ሲያበቃ ስታዲየሙ ይዘጋል፤ የኦክቶበሩን ፍልሚያ ሌሎች ይጫወቱታል፤ እኛ እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ቡድኑን በሐሳባችን ስናፈርስና ስንሠራ እንከርማለን። ማን ይሸጥ፣ ማን ይገዛ፣ ማን ቦታ ይቀይር። የ2025 ውጤታችን 66 ድልና 96 ሽንፈት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በተከታታይ 71 አሸንፈን 91 ተሸንፈን ነበርና፣ እየተነሣን ነው ስንል ወደ ኋላ ተንሸራተናል። ጁላይ ላይ የ2019ን ዋንጫ ያመጡት ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። በምትካቸው ከቦስተን ፖል ቶቦኒ መጣ፤ አሠልጣኝ እንዲሆን ደግሞ የ33 ዓመቱ ብሌክ ቡቴራ ተቀጠረ። አዲስ ሰው ሲመጣ አሮጌው ዕቅድ ስለሚቀደድ፣ እኔም የራሴን ዕቅድ ይዤ ሰሚ ስፈልግ ከረምኩ።

ሰሚውን ያገኘሁት መኪናዬ መንገድ ላይ ስትሞት ነው።

በዚያው ዓመት ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ የወዳጆቻችን ልጅ ክርስትና ነበር። ባለቤቴ ሴቶቹን ልታግዝ በጠዋት ሄዳለች። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድፎ ዳቦውንና ወጡን ይዤ እንድከተል ነው የተስማማነው። ጾመ ነቢያት ገብቷልና ድስቶቹ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ናቸው፤ የኋላው ወንበር ላይ በፎጣ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። 295 ላይ ስደርስ የባትሪው ምልክት በራ። ትንሽ ቆይቶ ሬድዮው ጠፋ፤ መሪው ከበደኝ፤ እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ዲናሞው አልቆለታል። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ የናሽናልስ ስታዲየም መብራት ተሸካሚዎች ይታያሉ። ከሁሉ ቦታ እዚህ መቆሜ!

ስልክ ደወልኩ፤ ጎታች ተላከልኝ ተባለ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ጎታች መኪና በተቃራኒው መስመር ሲያልፍ አየሁ፤ እጄን ባወዛውዝም አላየኝም። መልሼ ስደውል የተመዘገበልኝ የወዲያኛው አቅጣጫ ሆኖ ተገኘ። በመሐሉ ባለቤቴ ደወለች።

«የት ደረስክ? ቄሱ ዳቦውን ሊባርኩ እየጠበቁ ነው እኮ!»

«ስታዲየሙ ጋ ነኝ።»

«በዚህ ብርድ ኳስ አለ እንዴ?» አለችና ነገሩን ስነግራት ድምጿ ወዲያው ለሰለሰ። «በል፣ መኪናው ውስጥ ግባና ራስህን ሸፍን» አለችኝ።

ሁለተኛው ጎታች ሲመጣ ከጋቢናው የወረደው ሽበታም ጥቁር አሜሪካዊ የደብልዩ ምልክት ያለበት ቀይ ቆብ አድርጓል። መኪናዬን በሰንሰለት እያሰረ ወደ ማዶ ስመለከት አየኝና «ወንድሜ፣ ጎርን የሚሸጡት ይመስልሃል?» አለኝ። ሰላምታችን ይኼ ነበር።

ስለ ጎር ለማውራት ከ2019 መነሣት ግድ ነው። ያን ዓመት ሜይ ላይ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር፤ ጋዜጦቹ ሁሉ ቀብረውናል። በኦክቶበር ግን ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። ለዋሺንግተን ከተማ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ማፍረሱ ተጀመረ። አንቶኒ ሬንዶን ወደ ኤንጅልስ ሄደ። ስቲፈን ስትራስበርግ በ245 ሚሊዮን ዶላር ለሰባት ዓመት ፈረመና በጉዳት ምክንያት ከዚያ ወዲህ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በ2021 ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ለዶጀርስ ተሰጡ። በ2022 ሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም ሲል ለሳንዲያጎ ተሸጠ፤ በኋላ ሜትስ 765 ሚሊዮን ሰጡት። በሶቶ ልዋጭ ከመጡት መካከል ሾርትስቶፑ ሲጄ ኤብራምስ፣ ወርዋሪው መኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ ይገኛሉ። ያኔ ስሙ ለገበያ ይነሣ የነበረው ጎር እንግዲህ ራሱ በሽያጭ የመጣ ልጅ ነው። በ2025 ለኦል ስታር ተመርጧል፤ ነፃ ሆኖ ወደፈለገው ለመሄድ ያኔ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

ባለ ጎታቹ ይሸጥ ባይ ነው። «የወርዋሪ ክንድ አይታመንም፤ ስትራስበርግን አየህ። ዛሬ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ዛሬ ስጠውና አራት አምስት ልጅ ተቀበል።»

እኔ አልስማማም። ልጆቹ እስኪያድጉ ጠብቁ ከተባልን ስንት ዓመት ሆነን። ከጠበቅናቸው አንዱ ጎር ነው፤ ደርሷል። የደረሰውን ሁሉ እየሸጡ ሌላ ሕፃን መቀበል የዘር እህልን በልቶ ለክረምት ዘር መበደር ነው። በዚያ ላይ የወርዋሪዎቻችን ነገር ያሳፍራል፤ በብሔራዊ ሊግ ከእኛ የባሰ ኮሎራዶ ብቻ ነበር። ከዚህ መሐል ምርጡን አውጥተን ማን ሊወረውር ነው? ኬድ ካቫሊ ከክርን ቀዶ ሕክምና ገና መመለሱ ነበር፤ ጆሳያ ግሬይም ከዚያው ጉዳት እያገገመ ነበር።

«እሺ፣ ጎርን አስቀመጥከው እንበል» አለ መሪውን እያዞረ። «ከዚያስ?»

ከዚያማ ዉድ ነው። ጄምስ ዉድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቀው የኦልኒ ልጅ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሆናል። በ2025 31 ሆም ራን መትቷል። 221 ጊዜ ደግሞ በስትራይክ ወጥቷል፤ ይኼ በታሪክ ከከፉት ቁጥሮች አንዱ ነው፤ አልደብቀውም። ግን ጁን 29 ቀን ከኤንጅልስ ጋር በነበረው ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ሳይወረውሩለት አሳለፉት። ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ እንዲህ የተፈራ መቺ አልነበረም። ፍርሃታቸው የገባኝ ቢሆንም፣ እኔ ያኔ ያየሁት ከዉድ ቀጥሎ ማንም የሚያስፈራ መቺ እንደሌለን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ አንደኛ ቤዝ ላይ የሚቆም፣ ኳስ የሚያርቅ ሰው ይሁን። ናትናኤል ሎውን አምጥተን ዓመቱ ሳያልቅ አሰናበትነው፤ ቦታው ባዶ ቀረ። ርካሽ ሰው ለአንድ ዓመት ተከራይቶ በጁላይ መሸጥ ይብቃ።

ባለ ጎታቹ በዚህ ተስማማ። ስለ ኤብራምስ ግን ሌላ ጭቅጭቅ አነሣን። እኔ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ይዛወር ባይ ነኝ፤ ዱላውና ፍጥነቱ ያስፈልገናል፣ ሾርትስቶፕ ላይ ግን እጁ ያስከፍለናል። እሱ «ልጁን ካለበት ካነሣኸው ልቡን ትሰብረዋለህ» አለ። በ2025 ድራፍት ቁጥር አንድ የመረጥነው ኢላይ ዊሊትስ ሾርትስቶፕ ነው፤ ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበርና እስኪደርስ ጊዜ አለ። ወጣቱን የውጭ ሜዳ ተጫዋች ዴይለን ላይልን በሚመለከት አልተጨቃጨቅንም። በሴፕቴምበር ሲጫወት ያየው ሰው ያንን ልጅ ከሜዳ አያወጣም።

ድልድዩን ተሻግረን ስንሄድ አባቱን አነሣ። በ1971 የከተማዋ የያኔው ቡድን ሴናተርስ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ በመጨረሻዋ ሌሊት አርኤፍኬ ስታዲየም አባቱ ትከሻ ላይ ነበር። ቡድኑ ሊያሸንፍ አንድ አውት ብቻ ሲቀረው ሕዝቡ ሜዳውን ወረረና ጨዋታው ለያንኪስ ተሰጠ። ከዚያ እስከ 2005 ከተማዋ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። «እኔ ቡድን ሙሉ ሲሄድ ያየሁ ሰው ነኝ። አንድ ወርዋሪ ሲሄድ እንቅልፍ አላጣም» አለኝ። ጎርን በቀላሉ የሚሸጥበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ግን እኔን አላሳመነኝም፤ እንዲያውም ቡድን ተነጥቆ ላደገ ከተማ የሚቆይ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አሌክሳንድሪያ ስንደርስ መኪናዬን አውርዶ ሊሄድ ሲል የሕፃኑ አያት በነጠላቸው ብቅ አሉ።

«ዳቦዬን ያመጣልኝ ሰው ከደጄ ሳይቀምስ አይሄድም! በለው እንጂ ልጄ፣ ንገረው!»

ነገርኩት፤ ገባ። ቄሱ ድፎውን ባረኩት፤ ተቆረሰ፤ ሽሮውና ምስሩ ቀረበ። የቤቱ ባለቤት አጎት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ቤዝቦል አይተው አያውቁም፤ ወሬያችንን ግን በጥሞና ሲከታተሉ ቆይተው «ለመሆኑ ይኼ ዉድ የምትሉት ልጅ ስንት ይከፈለዋል?» ብለው ጠየቁ።

የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 760 ሺህ ዶላር እንደሆነ፣ የዉድም ከዚያ ብዙ እንደማይርቅ ነገርኳቸው። ሶቶ የሚያገኘውንም ጨመርኩ።

«ታዲያ ልጁ የሰፈራችሁ ከሆነ፣ ሳይወደድ አሁኑኑ አያስፈርሙትም?»

ባለ ጎታቹ ሲተረጎምለት እጁን ከትሪው አንሥቶ «ይኼን ሰውዬ ለቶቦኒ ላኩለት!» አለ። ቦስተን በኦገስት 2025 ሊጉ ውስጥ ገና ሁለት ወር ላልሞላው ሮማን አንቶኒ በስምንት ዓመት 130 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል፤ ቶቦኒ ያኔ እዚያው ቤት ነበር። ካንሳስ ሲቲ ከኛ ባነሰ ገበያ ቦቢ ዊት ጁኒየርን በ2024 ከ280 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ውል አስፈርሞታል። ዉድ እስከ 2030 የኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የሶቶ ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ የባለቤቶቹ ገንዘብ በቅድሚያ እዚህ ላይ ይውጣ፤ ቀጥሎ አንደኛ ቤዝ፣ ከዚያ ጨዋታ የሚዘጉ ሁለት ልምድ ያላቸው ወርዋሪዎች። ካይል ፊኔገንን ለዲትሮይት ከሰጠን ወዲህ ዘጠነኛውን ኢኒንግ በሰላም የምናይበት ሰው አልነበረንም።

በጎር ላይ ግን እስከ ቡናው ሦስተኛ ድረስ አልተስማማንም። ጋሼ ከእኔ ጋር ቆሙ፤ የሕፃኑ አያት ከባለ ጎታቹ ጋር።