«ስትደርስ ደውል»

ፈረንጆች ጂኦካሺንግ የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ታዛባ የነበረችው አሜሪካ ይህን በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ስታቆም፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ወዲያው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ፤ ከዕቃዎቹ መካከል የባቄላ ጣሳ ነበረበት። ሌላው በሳተላይት እየተመራ ይፈልጋል። ቆይቶ ይህ ቀለላቸውና እንቆቅልሽ ጨመሩበት፦ የሚታወጀው ቦታ የውሸት ነው፤ እውነተኛውን የሚያገኘው እንቆቅልሹን የፈታ ብቻ። ደንቡ ግን ጨዋ ነው፤ ውሸቱ ከእውነቱ ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዲርቅ አይፈቀድም።

የካ ክፍለ ከተማ እንዲህ ያለ ርኅራኄ አያውቅም። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውረድና ሽቅብ ያዝ፤ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ደውል።» ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ስልኩ አይነሳም፤ ሲነሳም «የት ነህ?» ይላል። (እሱን የሚያውቅ ሰው መች ይደውላል?) እንደ ምንም በሩ ጋ ቢደረስ ዘበኛ አለ። የባለቤቱን ስም ከነአባቱ ቢጠሩለት «እንዲህ የሚባል የለም» ነው መልሱ፤ «የማሙሽ አባት» ሲባል በሩ ወለል ይላል።

እንጦጦ ላይ ሣጥን በቁጥር ቁልፍ ቆልፎ ለመደበቅ ያሰበ ካለ ደግሞ ይሞክር። ጎሕ ሳይቀድ ዳገቱን የሚወጡት እንጨት ለቃሚ እናቶች የባሕር ዛፉን ጉቶ አንድ በአንድ ያውቁታል። የቁልፉን እንቆቅልሽ በድንጋይ ይፈቱታል፤ ሣጥኑም ለበርበሬ ጥሩ ነው።