ጋቢዬን ተከትዬ

ብርድ የመታው ሰው ጋቢ ይዋሳል። ለቅሶ የሚሄድ ይዋሳል። ድንገት እንግዳ ያደረበትም ይዋሳል፤ እሰየው ብዬ እሰጣለሁ። ድንጋይ መሐል ቆሞ ፀሐይ ሊቀበል ጋቢ የተዋሰኝ ሰው ግን በ74 ዓመቴ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እዚሁ ለንደን ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ።

ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ጡረታ እስኪወጣ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ወገቤን ሲያመኝ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዬን እየገፋ መንገድ ዳር የሚያወጣልኝ ደግ እንግሊዛዊ ነው። ከልጄ ሰምቶ «ጋሼ» ይለኛል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ግን ድሩይድ ሆነ። ድሩይዶች ክርስትና ከመምጣቱ በፊት የዚህ አገር ካህናት የነበሩ ናቸው። የዛሬዎቹ የእነሱን መንገድ እንከተላለን ብለው ዛፍ፣ ምንጭና ፀሐይ የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። እኔ በልቤ «አባ ዋርካ» እለዋለሁ። በእምነቱ አልገባም፤ እኔ የሥላሴ ልጅ ነኝ፣ እሱ የዛፉ ይሁን። ጠቤ ከልብሱ ጋር ነው።

መጀመሪያ በኢንተርኔት አዝዞ አንድ ቀሚስ አስመጣ። ነጭ፣ ቆብ ያለው፣ እጅጌው ሁለት ሕፃን የሚያሳድር። ዳሰስ ባደርገው ፖሊስተር! ምነው ሸዋ! ለተፈጥሮ ሊሰግድ የነዳጅ ዘይት ተረፈ ምርት ለብሶ ይቆማል? ነገርኩት፤ ሳቀ። በሳምንቱ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ጓሮው ካለችው የፖም ዛፍ ሥር ሻማ አብርተው ሲዘምሩ ያ እጅጌ ሻማው ላይ አረፈና እንደ ጎማ ቀለጠ። ቀጥሎ የአልጋ አንሶላ ሰፍቶ ብቅ አለ። ችግሩ አንሶላው ከፍራሽ ጋር የሚያያዝ ጠርዘ ላስቲክ መሆኑ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰብስቦ የአረብ ሱሪ መሰለ።

«ለመሆኑ ነጭ ልበሱ ያላችሁ ማን ነው?» አልኩት በአጥር ላይ።

ሰውዬው ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወንበር ይዞ መጣ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ፕሊኒ የሚባል የሮማ ጸሐፊ ነው አለኝ። ነጭ የለበሰ ካህን ኦክ የሚባለውን ዛፍ ወጥቶ በወርቅ ማጭድ ተቀጽላ ይቆርጣል፣ ሥር ያሉት በነጭ ልብስ ይቀበሉታል፣ ሁለት ነጭ በሬዎችም ይታረዳሉ ብሎ ጽፏል። ተቀጽላዋንስ እኛም አገር ደብተራው ይፈልጋት ነበር። የወርቅ ማጭድ አምጡልኝ ያለ ደብተራ ግን አላውቅም። ቢያገኝማ ማጭዱን ሸጦ ተቀጽላዋን በጥርሱ ይቆርጣት ነበር።

ከፕሊኒ በኋላስ? ነገሩ እዚህ ላይ ይላላል። ያ ሥርዓት ጠፍቶ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከርሟል። እ.ኤ.አ. በ1792 ኢዮሎ ሞርጋኑግ የሚባል የዌልስ ድንጋይ ጠራቢ እዚሁ ለንደን ፕሪምሮዝ ሂል ኮረብታ ላይ ድንጋይ በክብ ደርድሮ የጥንቱን ሥርዓት አገኘሁት አለ። አገኘሁት ካለው ብዙውን ራሱ ጽፎት ኖሯል! በኋላ የዌልሶቹ ባለ ቅኔዎች ማኅበር ልብሱን የሚነድፍለት ሰው ሲፈልግ ኸርኮመር የሚባል የጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ ተገኘ። የዌልስ ጥንታዊ ልብስ፣ በጀርመን ተወላጅ እጅ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ። የእኔ አያት ጋቢ እኮ የዚህ «ጥንታዊ» ልብስ እኩያ ነው።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የእ.ኤ.አ. 1905ቱ ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር በመቶ የሚቆጠሩ የአንድ ማኅበር ድሩይዶች ግዙፎቹ የጥንት ድንጋዮች በክብ በቆሙበት በስቶንሄንጅ ተሰብስበው አዳዲስ አባላት ተቀበሉ። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ጢም ያልነበራቸውም ጢም አጥልቀዋል። አዎ፣ አጥልቀዋል፤ የሚለጠፍ ጢም። አባ ዋርካ ፎቶግራፉን አሳየኝ። እኔ ይህን ጢም ለማሸበት ስንት የልጅ ጣጣ፣ ስንት የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ስንት የስደት ወረቀት ጨርሻለሁ፤ እነሱ ከሱቅ ገዙት!

ያም ቢሆን መልበሳቸው ደግ ነው። ከጓሮው እንግዶች አንዷ የሌላ ወገን ናት፣ ዊካ የሚባል የጥንቆላ እምነት። ዊካን ያስፋፋው ጄራልድ ጋርድነር በማላያ የጉምሩክ ሠራተኛ የነበረ ጡረተኛ ነው። የእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሻር፣ በ1954 መጽሐፉን አሳተመ። ሥርዓቱ የሚፈጸመው ራቁት ተሆኖ ነው አለ፤ ስሙም «ሰማይ ለበስ» ተባለ። ከጉምሩክ የወጣ ሰው አይደል? ሲፈትሽ ኖሮ ማስወለቅ ልማድ ሆኖበት ይሆናል። ሰማይ ለበስ! ይህ የእንግሊዝ ሰማይ እኮ ዓመቱን ሙሉ ሲያፈስ የሚከርም ነው፤ እንኳን ልብስ፣ ጣራም አይሆን። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ «አይዞህ፣ ዛሬ ብዙዎቻችን እንለብሳለን» ብላ አጽናናችኝ። ለማንኛውም የጓሮ በኩል መጋረጃዬን አወፈርኩት።

አያቴ አድባሩ ሥር ቅቤ ስትቀባና ቡና ስታፈስ በልጅነቴ አይቻለሁ። የምትለብሰው ያንኑ የዘወትር ቀሚሷን ነበር፣ ብቻ ታጥቦ። አድባሩም ልብስሽን ቀይሪ አላላትም። ዛር ያለበት ሰው ደግሞ አይቸገርም፤ ዛሩ ራሱ ከዶሮው ላባ ጀምሮ እስከ ልብሱ ይህ ይሁንልኝ ብሎ ያዝዛል። አባ ዋርካ ግን የሚያዝዘው የለም። የሚያዝዘው ያጣ ሰው ነው አንሶላ የሚሰፋ። እኛ ደግሞ የሚያዝዘን ሞልቶ አንሰማም፤ የልጅ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን ከጂንስ ሱሪዋ በላይ የምትደርበው ከመኪና ስትወርድ ነው፣ ቅዳሴው ሲያልቅ እንደ ዋና ፎጣ ጠቅልላ ቦርሳ ውስጥ ትወረውረዋለች። ልናገር ስል «አያቴ፣ ደግሞ ጀመርክ» ትለኛለች። ጀመርኩ? መች አቁሜ!

እንግዲህ አንድ ማለዳ በረንዳ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ቡና ስጠጣ አባ ዋርካ አየኝ። ዓይኑ ፈዘዘ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ በእጇ ፈትላ ያሠራችው አራት ድርብ ጋቢ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥለት ያለው።

«ጋሼ፣ ስቶንሄንጅ ፀሐይ ለምንቀበልበት ለሰኔው በዓል ብታውሰኝ?»

እንቢ ማለት አቃተኝ፤ የዚያ ሁሉ ሳምንት ቆሻሻ ውለታ አለብኝ። ሰጠሁት። እዚያው ለብሶ አሳየኝ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ አንገቱና ትከሻው ላይ ጠምጥሞ!

«ኧረ ይህማ የሐዘን ነው! ፀሐይ ወጣች ብለህ ልትደሰት ነው ወይስ ሞተች ብለህ ለቅሶ ልትደርስ?» አልኩት። ጥለቱን ወደ ታች መለስኩለት። ዞር ሲል ተገለበጠ። እንደገና መለስኩ። እንደገና ተገለበጠ። ይህን ጋቢ ብቻውን መላክ እንደማይሆን የገባኝ ያኔ ነው። ሰኔ 14 ሌሊት ጋቢዬን ተከትዬ ስቶንሄንጅ ሄድኩ። ልጄ «አባዬ፣ ቄሱ ምን ይሉሃል?» አለችኝ። ለማምለክ ሳይሆን ንብረት ለመጠበቅ ነው አልኳት።

ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ ቦታውን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ በዚያች ሌሊት ሕዝቡን በነጻ ድንጋዮቹ መሐል ያስገባል። የመኪና ማቆሚያው ግን በነጻ አይደለም። ሻማም ሆነ ሌላ እሳት ክልክል ነው፤ ይህን ስሰማ ባለሥልጣኖቹን መረቅኋቸው፣ ጋቢዬ ተረፈ። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከተተከሉ 4500 ዓመት ገደማ ነው፤ ድሩይዶች የሚባሉት በታሪክ ብቅ ያሉት ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመት ዘግይተው ነው። ድንጋዩን የተከሉት ሰዎች ለበዓል ምን ይለብሱ እንደነበር የሚናገር የለም። ስለዚህ ሁሉም የመሰለውን ለብሶ መጥቷል፦ የአጋዘን ቀንድ ያሠረ፣ የአበባ ጉንጉን የደፋ፣ ቅጠል የሆነ ሰው፣ ፒጃማ የለበሰ ጎረምሳ። ፒጃማው ሥርዓት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከአልጋው ተነሥቶ መጥቶ ነው አሉኝ።

አባ ዋርካ ከበሮ ተሸክሟል። በሁለት እጅ ከበሮ እየመታ ጋቢ የሚለብስ ሰው የት ታይቷል? ጋቢ አንድ እጅ ይፈልጋል፤ አለዚያ ማደግደግ ነው፣ እሱን ደግሞ አያውቅም። አንድ ጊዜ ወደቀ፣ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ወደቀ፣ አነሣሁለት። ሦስተኛው ጭቃ ላይ ሲያርፍ አንጀቴ ተቆረጠ። «አምጣ!» ብዬ ነጠቅኩት። ከሥር የለበሰው በሥራ ዘመኑ የነበረችውን የምታብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ኖሯል፤ አንሶላውን ቤት ጥሎት መጥቷል።

ብርዱ ከባድ ስለነበር ጋቢዬን ለበስኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጢም፣ በእጄ ከዘራ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ገደማ ሰማዩ ሲቀላ ዘወር ብል ሰው ከቦኛል። ፎቶግራፍ ያነሣሉ። የአበባ ጉንጉን የደፋች አንዲት ልጅ ቀርባ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ምን ፈልጋ ነው ስል፣ ምርቃት። ሊቀ ድሩይድ መስያታለሁ። ሽማግሌ ምርቃት ሲጠየቅ ይከለክላል? «እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እደጊ ተመንደጊ» አልኳት በአማርኛ። ጥንታዊ ቋንቋ ነው ብለው ተንሾካሾኩ። በዚህስ አልተሳሳቱም። ከኋላዋ ሰልፍ ተሠራ። ፀሐይዋ ወጥታ ሕዝቡ ሲጮህ እኔ አሥራ አንደኛውን እየመረቅሁ ነበር።

አባ ዋርካን ዓይኔ ሲፈልገው ወዲያ ማዶ ቆሟል። ቢጫ ሰደርያውን ያየ ሁሉ የጥበቃ ሠራተኛ እየመሰለው መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ይለዋል። ምስኪን፣ በትሕትና በከበሮ መምቻው ይጠቁማል።

በመንገድ ስንመለስ አልተነጋገርንም። ጋቢውን ሁለቴ በእጅ አጠብኩት፤ ጭቃው ለቀቀ። ልጄ የምርቃቴን ቪዲዮ ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ብቻ የዕድሩ ሰዎች ሲያዩኝ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀምረዋል።

ባለፈው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። አባ ዋርካ ነው፤ የታኅሣሡ በዓል ደርሷል፣ ፀሐይ የምትመለስበት። በእጁ ከአበሻ ሱቅ የገዛውን አዲስ ነጠላ ይዟል። ዘረጋው። የሴት ነው። ጥለቱ ክንድ የሚያህል፣ የሙሽራ እናት የምትለብሰው ወርቃማ ጥበብ። ፊቱ ደግሞ በደስታ በርቷል።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ጥለቱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

ወደ ታች አልኩት።