ይድረስ ለክቡር ማሳሰቢያ ጸሓፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በቡናና በኮረሪማ መካከል የምንኖር ወላጆች፣ ልጆቻችንን እርስዎ በሚጽፉበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስገባንበት ዕለት ጀምሮ ከብዕርዎ የሚፈልቀውን ማሳሰቢያ ሁሉ በፍጹም ትሕትና ስንቀበል፣ ማንበብ የምንችለው ስናነብ፣ የማንችለው ስናስነብብ፣ በፊርማና በአውራ ጣት አሻራ እያጸናንም ስንመልስ ኖረናል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ዘመን ከእርስዎ ወደ እኛ ብቻ ሲፈስ የኖረ መልእክት አንድ ጊዜ እንኳ ምላሽ ሳያገኝ መቅረቱ በጨዋ ሰዎች ልማድ ነውር ስለሆነ፣ ዕዳችንን ለማቃለል ይህችን ጦማር ጽፌያለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ያልጠራሁትም የየትኛውም ቀበሌ ወላጅ ቢያነባት ስለ እርሱ ትምህርት ቤት የተጻፈች መስሎት ደስ ይለው ዘንድ ነው።

አስቀድሜ የአጻጻፍዎን ግርማ ላመስግን። «እንደሚታወቀው» ብለው ጀምረው የማይታወቀውን ይነግሩናል፤ «በጥብቅ እናሳስባለን» ብለው ሲዘጉ ደግሞ አንባቢው ምን እንዳጠፋ ባያውቅም ማጥፋቱን ያምናል። ነገሥታት በነጋሪት ያስነገሩት ዐዋጅ እንኳ ለሰሚው ጥቂት ፋታ ይሰጥ ነበር፤ የእርስዎ ሩብ ወረቀት ግን ማታ በልጁ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፋ ትደርስና የጠየቀችውን ሁሉ ለነገ ጠዋት ትፈልጋለች።

ከአጻጻፍዎ ይልቅ ደግሞ የማደንቀው የዘመን አከፋፈልዎን ነው። ቤተ ክርስቲያን የዓመቱን ምስባክና ምንባብ ሁሉ በግጻዌ ወስና እንዳኖረች፣ እርስዎም ለየወሩ የማይለወጥ ምንባብ አለዎት፤ ነሐሴ ሲጋመስ የምዝገባው፣ በመስከረም የዩኒፎርሙና የደብተሩ፣ በጥቅምት የመዋጮው፣ በኅዳር የቀሪው፣ በጥር የካርዱ፣ በመጋቢት እንደ ገና የመዋጮው (ምክንያቱ ይለወጣል፣ ገንዘቡ አይለወጥም)፣ በግንቦት የፈተናው፣ በመጨረሻም ለሰኔ 30 የወላጆች በዓል ጥሪ ይነበባል። በዚያ በዓል ላይ ወላጅ ሆነን ስንጠራ ከፀሐይ በታች እንቆማለን፤ ወንበሩ ለክብር እንግዶች ነውና።

ይህን ግጻዌ የደረሰው ሊቅ ግን፣ ምናልባት ቡናን በሲኒ እንጂ በዛፉ ላይ አይቶት የማያውቅ ሆኖ ይሆናል፣ የምንኖርበትን ምድር ወራት ከቁጥር አላስገባቸውም። በእኛ አገር ዝናቡ ከመጋቢት አንሥቶ እስከ ጥቅምት አይለቅም። ቡናው በቴፒ ቆላ ቀደም ብሎ፣ ወደ ደጋው ዘግየት ብሎ ይቀላል፤ ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸቱ እስኪሸጥ፣ ወይም ጀንፈሉ በአልጋ ላይ ደርቆ ለሰብሳቢው እስኪቀርብ ድረስ በገበሬው ቤት ገንዘብ በስም እንጂ በአካል አይታወቅም። የእርስዎ ማሳሰቢያ ታዲያ ክረምቱ ቤቱን ባራቆተበት፣ ጎደሬ እየተቆፈረ በሚበላበት በመስከረም መባቻ ዩኒፎርምና ደብተር፣ «ድጋፍ» የተባለውንም ክፍያ ጠይቆ፣ ገንዘቡ በእጃችን በሚገባበት በታኅሣሥ ፍጹም ዝም ይላል። ባለዕዳው ባዶ እጁን በሚቀመጥበት ወቅት ብቻ የሚመጣ ገንዘብ ጠያቂ ከእርስዎ በቀር አላየሁም። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሲል በዛፍ ላይ ያለ፣ ገና ያልቀላ ቡናውን ለነጋዴ አስይዞ የኅዳሩን ኬሻ በክረምት ዋጋ የሚሰጥ አባት እንዳለ ቢያውቁ፣ ልጁ የለበሰው ሸሚዝ ስንት ኪሎ ቡና እንደ በላ በሰልፍ ላይ ቆመው ያሰሉ ነበር።

የኅዳሩ ማሳሰቢያ «ያለ በቂ ምክንያት የሚቀሩ ተማሪዎች» ብሎ ይጀምራል። በዚያው ሰሞን ደግሞ የግብርና ባለሙያው ይመጣና የቀላውን ብቻ እንድንለቅም፣ አረንጓዴውን ከቀዩ እንዳንቀላቅል ይመክረናል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የቡናው ጣዕምም ዋጋውም የሚጠበቀው በዚህ ነው። ነገር ግን የቀላውን ብቻ መልቀም ማለት ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ መመለስ ማለት ስለሆነ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ሥራውን አብዝቶ ሲሰጠን ሁለተኛው መሥሪያ ቤት የሚሠራውን እጅ ይወስድብናል፤ ሁለቱም ማሳሰቢያዎች በአንድ ዓይነት ማኅተም ታትመው ይደርሳሉ። የቀላ ቡና ደግሞ ሰኞንና ቅዳሜን አይለይም፤ ካልተለቀመ በዛፉ ላይ ይደርቃል፣ አለዚያም መሬት ወድቆ ይበላሻል። እንደ በበቃ ያለው ሰፊ እርሻ ለቃሚ ከሩቅ አገር ያስመጣል፤ የእኛ ለቃሚ ግን ሦስተኛ ክፍል ነው።

ልጅ ከፊደል ተለይቶ ቅርጫት ይሸከም የምል አይደለሁም፤ እንዲህ የሚል ወላጅ ካለም ከእኔ ጋር አልተስማማም። የምለው ሌላ ነው። የትምህርት ካላንደሩን የሚያወጣው የክልል ትምህርት ቢሮ ነው፤ እኛም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችን የደቡብ ምዕራብ ክልል አለን፤ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ቦንጋ የብሔራዊው ቡና ሙዚየም ያለባት፣ የቡና መገኛ ነኝ ብላ የምትኮራ የካፋ ከተማ ናት። በሙዚየም የከበረ ቡና በካላንደር ሁለት ሳምንት ቢያገኝ፣ ይኸውም ለቀማው በሚበረታበት ጊዜ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋና የጎደለው በሌላ ወቅት ቢካካስ፣ «ያለ በቂ ምክንያት» የምትለዋ ሐረግ በራሷ ጊዜ ታርፍ ነበር። ይህን አሳብ ለወላጅ፣ ለተማሪና ለመምህራን ኅብረት ለማቅረብ ሞክሬ ነበር፤ የዕለቱ አጀንዳ ግን የአጥር ሚስማር ነበር።

ስለ አጥሩ ካነሣሁ ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልበል። በ1940 ዓ.ም. መንግሥት የትምህርት ግብር የሚባል ሥርዓት ሲያቆም፣ ገንዘቡ በርስቱ ስፋትና በመሬቱ ልምላሜ ልክ ይከፈል ነበር፤ ለም መሬት ያለው እንደ ለምነቱ፣ ጠፍ ያለው እንደ ጠፍነቱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት ያለ ክፍያ ይሰጣል አለ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ከዚያ ወዲህ ግብርም ክፍያም ቀርቶ «በፈቃደኝነት የሚሰጥ የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ተተክቷል፤ ፈቃደኝነቱም በስም ዝርዝር ተመዝግቦ፣ ባልፈቀደው ሰው ስም አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ሲታወጅ እንጨት ያለው እንጨት፣ ጉልበት ያለው ጉልበት ሰጥቷል፤ በዚህ ማንም አልተቆጨም፤ የተሠራው ክፍል በዓይን ይታያልና። የምንቆጭበት ሌላ ነው፤ ባለ ብዙ ሄክታሩም፣ አንዲት ላም የሌላት መበለትም አንድ ዓይነት ሩብ ወረቀት መቀበላቸው ነው። በዚህ ነገር የ1940ው ዘመን ሰዎች ከእኛ ይልቅ ያስቡበት ነበር።

ከማሳሰቢያዎችዎ ሁሉ አስፈሪዪቱ ግን በወረቀት የማትጻፈው፣ በሁለት ቃል ብቻ የምትነገረው «ወላጅ አምጣ» ናት። ይህች ቃል ከዩኒት ሊደሩ አፍ ከወጣች በኋላ፣ ከበሩ ውጭ የቀረው ልጅ ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው እስከ ማሳው ሄዶ እውነተኛ አባቱን መጥራት ሲሆን፣ ይህ ከትምህርት ቤቱ የከበደ ቅጣት አለበት፤ ሁለተኛው በቡና መጋዘን ደጅ ከሚቀመጡት ጫኝና አውራጆች አንዱን በጥቂት ብር ለአንድ ጠዋት አባት ማድረግ ነው። በከተማችን ይህን ሙያ አድርጎ የያዘ አንድ ሰው አለ፤ ትዳር የለውም፣ ልጅም አልወለደም፣ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ከአብርሃም ቀጥሎ የብዙዎች አባት ተብሎ ሊጻፍ የሚገባው ነው። ኮት ተውሶ ይመጣል፤ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ሲወቀስ አንገቱን ይደፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ልጁን በመምህራኑ ፊት በጥፊ ለመምታት ይቃጣል (ለዚህ ጭማሪ ይጠይቃል)፤ በመጨረሻም «ሁለተኛ አይለመደውም» ብሎ ፈርሞ ይወጣል። የልጄን የሒሳብ ድክመት ከእኔ አስቀድሞ ያወቀው እርሱ ነው። በገበያ ቀን አግኝቶኝ፣ በብርቱ ቁም ነገር፣ «ልጃችን ማባዛት ላይ ይቸገራል፤ ምነው ማታ ማታ ብትከታተለው» አለኝ። እኔም ልቆጣ አስቤ ተውሁት፤ ስለ ልጄ ትምህርት ከዚያ ግቢ የወጣ የመጀመሪያው ዜና እርሱ ነበርና።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር አለ። ፖሊሲው ሕፃኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ዘንድ ቢደነግግም፣ እናቱ ማሳሰቢያውን በአፍ መፍቻዋ ታነብ ዘንድ የደነገገ የለም። ቤንችኛ በአምስት የድምፅ ከፍታ የሚነገር፣ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ የቃሉ ፍች የሚለወጥ ረቂቅ ቋንቋ ነው፤ የእርስዎ ማሳሰቢያ ግን በአንድ ቅኝት ብቻ፣ በቁጣ፣ ይነበባል። ከዚህም የተነሣ የራሱን ክስ ለእናቱ የሚተረጉምላት ተከሳሹ ሆኗል። «ልጅዎ በተደጋጋሚ ስለሚረብሽ ክትትል ያድርጉ» የምትለዋ ወረቀት ጎረቤቴ ቤት ስትደርስ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ ለእስክሪብቶ አምስት ብር ስጪው» ሆና ተተረጎመች፤ እናቲቱም በደስታ እልል ብላ አምስቱን ብር ሰጠች። ይህን ያህል የትርጉም ጥበብ ያለው ልጅ በቋንቋ ፈተና ለምን እንደሚወድቅ ሊቃውንት ይመርምሩት።

በቅርቡ ማሳሰቢያው ወደ ቴሌግራም ስለተዛወረ፣ መብራት ባለበት ቀን ኔትወርክ፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን መብራት ስለማይገኝ፣ ለጊዜው ዕረፍት አግኝተናል። ይህን በምስጋና መዝግቤ አልፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ሸሚዙ ቀለም፣ ስለ ጸጉሩ ቁመት፣ ስለ ወንበር፣ ስለ መጥረጊያ፣ ስለ አጥርና ስለ ሰልፍ ያሳሰቡን እርስዎ፣ ልጃችን ማንበብ ይችል እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። በጥር የሚመጣው ካርድ ደረጃውን ይነግረናል፤ ይኸውም ልጁ በሰልፉ ውስጥ ስንተኛ እንደ ቆመ እንጂ ሰልፉ ወዴት እንደሚሄድ አያሳይም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች ያሉ ሕፃናት ንባብ ሲፈተኑ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል አንብበው አልተገኙም፤ የእነዚያ ሕፃናት ወላጆች ግን በዚያው ዓመት የዩኒፎርሙን ማሳሰቢያ በጊዜው እንደ ተቀበሉ አልጠራጠርም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ሁሉም ጥፋቱን በ12ኛ ክፍል ደጅ ሲፈልግ፣ ማንም ወደ ሁለተኛ ክፍል ዘወር ብሎ አልተመለከተም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሚዛንና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ልጆቻችን አጥሩን እየተደገፉ ጀንፈል ያሰጣሉ።

ስለዚህ አንዲት አዲስ ማሳሰቢያ እንዲጽፉልን እንለምናለን። ሩብ ወረቀት ትበቃለች። ልጁ በዚህ ወር ያነበበውን፣ ያቃተውን፣ እኛም ማታ በኩራዝ አጠገብ ልንረዳው የምንችለውን ትናገር፤ በቤንችኛም፣ በሸክኛም፣ በካፊኛም፣ በአማርኛም ትጻፍ፤ ማንበብ ለማንችለውም መምህሩ በገበያ ቀን አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ በቃሉ ይንገረን። ቡና እናፈላለታለን።

ምላሽዎን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ድረስ፣ ገንዘብ በእጃችን ባለበት ጊዜ፣ በደጃችን ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እንዲለጥፉ በጥብቅ እናሳስባለን። በተባለው ቀን ያልመለሰ ጸሓፊ ወላጁን ይዞ ካልመጣ በቀር ወደ ግቢያችን አይገባም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ፈራሚ ወላጅ

ግልባጭ፦
በመዝገባችሁ የልጄ አባት ሆኖ ለተጻፈው ጫኝና አውራጅ፣ ለክትትል