4 ላይ ብቻ ስለሚነፍስ ኤሲ

ለተከበረው የጋራዡ የኤሌክትሪክ ክፍል
ጉዳዩ፦ የመኪና ኤሲ የኤሌክትሪክ ብልሽት አመራመርን ይመለከታል

የመኪና ኤሲ ሁለት ሥራ አለው፤ ነፋስ መግፋትና ነፋሱን ማቀዝቀዝ። የሚገፋው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ማራገቢያ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በመኪናው ሞተር የሚዞረው ኮምፕሬሰር ከነጋዙ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚጀመረው ደንበኛው «ነፋስ የለም» አለ ወይስ «ነፋሱ አይቀዘቅዝም» አለ የሚለውን በመስማት ነው። መስማት መሣሪያ አይፈልግም፤ በክፍሉ ዘንድ የጠፋው ምናልባት ግዢ ስላልተፈጸመበት ይሆናል።

ማራገቢያው 1፣ 2 እና 3 ላይ ዝም ብሎ 4 ላይ ብቻ ሲነፍስ ብልሽቱ ራሱን እየተናገረ ነው። ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች የሚገኙት ኤሌክትሪኩ በሬዚስተር ውስጥ አልፎ ሲቀነስ ነው፤ 4 ላይ ግን ሬዚስተሩ ይታለፍና ሙሉው ኃይል ለማራገቢያው ሞተር ይደርሳል። 4 ከሠራ ፊውዙ፣ ሪሌውና ሞተሩ በሕይወት አሉ። ተጠርጣሪው በመጀመሪያ ሬዚስተሩ፣ ቀጥሎ ሶኬቱና የፍጥነት መምረጫው ነው። ሬዚስተሩ ብዙ ጊዜ በዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ ይገኛል፤ ተነቅሎ ኦሙ በመልቲሜትር ይለካል፤ መስመሩ ከተቆረጠ ተቃጥሏል።

ለዚህ ትምህርት ክፍሉ ያበረከተው ምሳሌ ሊመሰገን ይገባዋል። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ የሆነችው ደንበኛ ቪትዟን አቁማ «4 ላይ ብቻ ነው የሚነፍሰው፤ ሲነፍስ ግን ይቀዘቅዛል» አለች። የክፍሉ ኃላፊ መልቲሜትር አላነሱም፤ ያነሱት ድምፃቸውን ነው። ተለማማጆቹን ጠርተው በመኪናዋ ዙሪያ አቆሙ፤ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ከአግዳሚው ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። «እናቴ፣ እስኪ የኤሲዋን ቁልፍ ያሳዩን» አሉ። ደንበኛዋ የበረዶ ምልክት ያለበትን ተጫነች። «ጎበዝ!» አሉ፤ ተለማማጆቹ አጨበጨቡ። «ማራገቢያውስ?» አሉ፤ እሱንም አሳየች፤ ዳግመኛ ተጨበጨበ። ከዚያ ኃላፊው ራሳቸው ወደ 4 አዞሩትና ነፋሱ ሲመጣ «ይኸው ይሠራል፤ ሁልጊዜ 4 ላይ ያድርጉት፤ ድምፁ ከረበሸዎት ሬዲዮ ይክፈቱ» ብለው አግዳሚውን በሙሉ አሳቁ። ወረቀቱ ላይ ግን «ጋዝ አልቋል» ተብሎ ተጻፈ። ጋዝ ተሞላ፤ 3 ዝም። «ኮምፕሬሰር ሞቷል» ተባለ፤ ኮምፕሬሰር ተቀየረ፤ 3 አሁንም ዝም። በመጨረሻ የተሰጠው የሙያ አስተያየት «ዕድሜ ሲገፋ መኪናም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል» የሚል ነበር። ይህን ሲናገሩ ኃላፊው የተመለከቱት መኪናዋን አልነበረም።

ጋዝ ነፋስ አይገፋም። ኮምፕሬሰርም አይገፋም። ይህን የማያውቅ ሰው የኤሌክትሪክ ክፍል ሊመራ አይገባውም፤ እያወቀ ካደረገው ደግሞ ሌባ ነው። ሰው ፊት አስጨብጭቦ አዋረዳት፤ ከዚያ ገንዘቧን ተቀበላት። መሳቢያውን እንኳ ከፍታችሁ አላያችሁም!

ወደ ሬዚስተሩ መመለስ ይገባል። በኋላ ሌላ ቦታ ተነቅሎ ሲለካ ተቃጥሎ ተገኝቷል። ምክንያቱ ካልተፈለገ አዲሱም ይቃጠላል። ሲሠራ ስለሚግል የሚገጠመው በነፋሱ መንገድ ላይ ነው፤ የኤሲው ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ያጣል። ያረጀ ማራገቢያም ከልክ በላይ አምፔር ይስባል። ስለዚህ ፊልትሮው ይታያል፤ ሞተሩ የሚስበው አምፔር ይለካል፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ ቀልጦ እንደሆነ ይጣራል።

የኮምፕሬሰሩ ተራ የሚደርሰው ነፋሱ እየመጣ አልቀዘቅዝ ሲል ነው። የመኪናው ሞተር ተነስቶ፣ ኤሲው በርቶ በኮምፕሬሰሩ ክላች ሶኬት ላይ ቮልት ይለካል። 12 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ እየደረሰው ክላቹ ካልያዘ፣ ጥፋቱ የጥቅልሉ፣ የኔጌቲቩ ወይም የክላቹ ክፍተት መስፋት ነው። ቮልት ካልደረሰ ወደ ኋላ፣ ወደ ሪሌው፣ ወደ ፊውዙና ወደ ግፊት ስዊቹ ይኬዳል። ጋዝ ከኤሌክትሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው፤ ግፊቱ ወደ 2 ባር ገደማ ሲወርድ ስዊቹ ኮምፕሬሰሩ እንዳይሠራ ይከለክላል። ግፊት ደግሞ በጌጅ ይለካል እንጂ በግምት አይሞላም። የሙቀት ሴንሰሮች ኦምም እንዲሁ በግምት ሳይሆን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ሠንጠረዥ የሌለው ጋራዥና ከመለካት በፊት ማጨብጨብ የተማረ ተለማማጅ በከተማው ሞልቷል፤ ያ ለሌላ ደብዳቤ ይቆይ።

የመጨረሻው ሥራ የተቀየረውን ዕቃ ለባለንብረቱ መመለስ ነው። ክፍሉ ይህን ዘሎታል። የደንበኛዋ ነባር ኮምፕሬሰር ለሌላ ሰው «አዲስ» ተብሎ ካልተገጠመ በቀር መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይገባል። የዚያ ኮምፕሬሰር ክላች ጥቅልል ሲለካ ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ ካሳየ በኤሌክትሪክ በኩል ጤነኛ ነው። ልኬቱ በተለማማጆቹ ፊት ቢካሄድ ይመረጣል።

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ክፍል
ለዕቃ ክፍል