በአንድ ምሳ ላይ የደረሱ ሰባት ሞቶች

የጥናቱ ስፍራ የአክስቴ ቤት፣ ጊዜው እሑድ ምሳ፣ የመረጃ ማሰባሰቢያው እስክሪብቶና አንድ ሶፍት ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ጤነኛ ሰው በአንድ ገበታ ስንት ጊዜ ይሞታል?

የመጀመሪያው ሞት የደረሰው ገና እጅ ሳንታጠብ ነው። የጎረቤት ልጅ ደፉ አደናቅፎት ሲንገዳገድ አክስቴ ከጓዳ «እኔን!» አለች። እዚህ ላይ ሰዋስው ይረዳናል። «እኔን» ተሳቢ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ን» ምስክር ናት። ማሰሪያ አንቀጹ ግን የለም። ይድፋኝ ይሁን ሌላ፣ መሙላቱ ለሰሚው ተትቷል። ይበልጥ የሚደንቀው አክስቴ የተደናቀፈውን ሰው አለማየቷ ነው፤ የሰማችው ኮቴ ብቻ ነው። ባንክ እንኳ የተበዳሪው ስም ሳይሞላ ዋስ አያስፈርምም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው «በሞቴ» ናቸው፤ ተከታትለው ስለመጡ አንድ ላይ መዝግቤያቸዋለሁ። ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። አጎቴ ግን የለም። ስለዚህ ፈረሰኛው ወደ እኔ መጣ። «ጠግቤያለሁ» የሚል ማስረጃ አቀረብኩ። ውድቅ ሆነ።

አራተኛው «አፈር ስሆን» ነው፤ ከባዱ። «ስ» ድርጊቱ በመካሄድ ላይ መሆኑን ታሳያለች፤ እንግዲህ ተናጋሪዋ እየተናገረች ሳለ አፈር በመሆን ላይ ናት ማለት ነው። በመስክ የታየው ሌላ ነው። በቀኝ እጇ ቡጢ የሚያክል ጉርሻ ይዛ፣ ግራ መዳፏን ወጡ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ዘርግታ፣ አፌን ትጠብቃለች። አፈር የመሆን አንዳች ምልክት አይታይባትም።

አምስተኛው በስልክ ነበር፣ ዱባይ ላለችው ልጇ። «በሞቴ፣ ሳትበዪ ሥራ እንዳትገቢ!» ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ሞቱ ደርሷል።

ለማነጻጸር ያህል ገበያውን እንይ። በአንድ ጥንድ ካልሲ ዋጋ «እናቴ ትሙት፣ በዚህ አልገዛሁትም» ያለ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አጋጥሞኛል። ቃሉ ያው ሞት ነው፤ ነጋዴው ግን ያስያዘው የሰው ነፍስ ነው። ካልሲውን አልገዛሁም።

አንድ ያፈነገጠ መረጃ ግን አለ። አጎቴ ያረፈ ሰሞን አክስቴ እህል አልቀምስም ብላ ነበር። የእድሩ ሴቶች ፍራሹ ላይ ከጎኗ ተቀምጠው በየተራ ሲለምኗት ዋሉ። «ስለ ልጆችሽ» አሉ፣ «ስለ ማርያም» አሉ። «በሞቴ» ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ያዘዛቸው የለም፤ በእድሩ ደንብም አልተጻፈም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ባልቴት ምንም ሳይሉ ጉርሻውን ይዘው ጠበቁ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቴ ጎረሰች።

ወደ ሶፍቱ እንመለስ። ስድስተኛውና ሰባተኛው የደረሱት ቡና ላይ ነው፤ አቦል ላይ «ልሂድ» ስል አንዱ፣ ቶና ላይ ጫማዬን ስፈልግ ሌላው። በረካውን የቀዳችልኝ ሟቿ ራሷ ናት።